ከቡሬ እስከ በርማ፤ የኦርድ ዊንጌት ሕይወት

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ደምበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ማንኩሳንና ቡሬን እያቋረጠ ወደ እንጅባራ ደጋ ይወጣል። አገሩ ለም ነው፤ በበቆሎውና በበርበሬው የታወቀ ነው። ፍኖተ ሰላም የሚለው የግእዝ ስም ትርጉሙ የሰላም መንገድ ቢሆንም፣ በ1933 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ይህ መንገድ የጦርነት መንገድ ነበር። በዚያ ጦርነት የተፈተነው የውጊያ ስልት ከሁለት ዓመት በኋላ ባሕር ተሻግሮ በበርማ ደን ውስጥ በጃፓን ሠራዊት ላይ ተሞከረ። ስልቱን ይዞ የተጓዘው ሰው እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ኦርድ ቻርልስ ዊንጌት ነው።

ስለ እስያና ስለ ፓስፊክ አካባቢ የመንግሥታት ግንኙነት በተነጋገርን ቁጥር ወሬያችን ከፐርል ሐርበር ተነሥቶ፣ በሲንጋፖር አልፎ፣ ሂሮሺማ ላይ ያርፋል። ጎጃም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ ያለው አይመስለንም። የዊንጌትን ሕይወት ለዚህ እትም ስመርጥ ጀግንነቱን ለመተረክ አስቤ አይደለም፤ ስለ ጀግንነቱም ሆነ ስለ ጉድለቱ የአገሩ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ከጎጃም ወደ በርማ የተሻገረው ምን እንደ ነበረና ምንስ ሳይሻገር እንደ ቀረ ነው። ይህ ጥያቄ የወታደር ጥያቄ ቢመስልም በውስጡ ያለው የውጭ ጉዳይ መሠረታዊ ነገር ነው።

ዊንጌት በ1895 ዓ.ም. የካቲት ወር በህንድ አገር ናይኒ ታል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በቅኝ ገዢው ሠራዊት ውስጥ መኮንን ነበረ። ወላጆቹ ፕሊማውዝ ብሬዝረን የሚባለው የፕሮቴስታንት ማኅበር አባላት ስለ ነበሩ ልጁ ያደገው መጽሐፍ ቅዱስ በየዕለቱ በሚነበብበት ጥብቅ ቤት ነው። በዎልዊች የጦር አካዳሚ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1923 በመድፈኛ ክፍል የመኮንንነት ማዕርግ አገኘ። አስተዳደጉ በጠባዩ ላይ የተወው ምልክት እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። ከጓደኞቹ ጋር የማይግባባ፣ ለአለቃ የማይመች፣ ጥሬ ሽንኩርት እንደ ፍሬ እየገመጠ የሚዞር፣ ንግግሩን በብሉይ ኪዳን ታሪክ የሚያጣፍጥ ሰው ሆነ። ከኢትዮጵያ ጋር የተዋወቀውም በሩቁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ ለአምስት ዓመታት ያህል በሱዳን መከላከያ ጦር ውስጥ ሲያገለግል በወሰናችን አጠገብ እየተዘዋወረ ባሪያ ፈንጋዮችንና አውሬ አዳኞችን ያሳድድ ነበር። ዐረብኛም ተማረ።

ከዚያ በኋላ የሄደው ወደ ፍልስጥኤም ነው። እዚያም እ.ኤ.አ. በ1938 የአይሁድ ሰፋሪዎችንና የእንግሊዝ ወታደሮችን ቀላቅሎ ልዩ የሌሊት ጭፍሮች የተባሉትን አቋቋመ። እነዚህ ጭፍሮች በጨለማ እየተጓዙ ጠላትን ባልጠበቀው ሰዓት የሚመቱ ነበሩ፤ በዐረብ መንደሮች ላይ በፈጸሙት ጭካኔም ይነቀፋሉ። ዊንጌት የጽዮናውያንን ዓላማ እንደ ራሱ ዓላማ አድርጎ ስለ ያዘ አለቆቹ ከዚያ አገር አስወጡት። ከዚህ የሕይወቱ ክፍል ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው። ይህ ሰው በትንሽ ጦር ብዙ ለመሥራት ሲነሣ ሁልጊዜ የሚፈልገው አገሩን የሚያውቅና የሚዋጋለት ዓላማ ያለው ሕዝብ ነበር።

ያንን ሕዝብ በጎጃም ተዘጋጅቶ አገኘው። እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በባዕድ ቋንቋ የተጻፉት ብዙዎቹ መጻሕፍት ትረካቸውን የሚጀምሩት ዊንጌት ካርቱም ከገባበት ቀን ነው። ጎጃም ግን ከዚያ በፊት ዓመታት ሲዋጋ ቆይቷል። ጣሊያኖች መሣሪያ ለማስፈታት በሞከሩና ግፍ በበረታ ጊዜ፣ በ1930 ዓ.ም. ሕዝቡ በሰፊው ተነሣ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በምሥራቅም ልጅ ኃይሉ በለውና በላይ ዘለቀ ጠላትን በየምሽጉ አግተው ያዙት። ጠላት በቡሬ፣ በደምበጫ፣ በእንጅባራና በዳንግላ ምሽግ ውስጥ ነበረ፤ ከምሽጉ ውጭ ያለው አገር ግን የአርበኛው ነበር። እህል ያቀብል የነበረው፣ መንገድ ይመራ የነበረው፣ ወሬ ያመላልስ የነበረው ስሙ በየትም ያልተጻፈው ገበሬ ነው።

በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው መቶ አንደኛው ሚሲዮን የተባለ ትንሽ ቡድን ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም ገባ። ሳንድፎርድ ከጠላት ወረራ በፊት በአገራችን በእርሻ ሥራ ዓመታት የኖረ ሰው ስለ ነበረ የአገሩን ባሕል ያውቃል። በመስከረም 1933 ዓ.ም. በመካከላቸው ቅሬታ የነበረውን ደጃዝማች መንገሻንና ደጃዝማች ነጋሽን አስታርቆ አንድ ዓላማ አስያዛቸው። በእኔ ግምት በዚያ ዘመቻ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ እርቅ ነው፤ ጥይት አልተተኮሰበትምና ግን ብዙ አይወሳም። ዊንጌት በኅዳር ወር በአውሮፕላን ወደ ሰከላ አካባቢ በርሮ ከሳንድፎርድ ጋር ለሁለት ቀን ያህል ተመካከረ። የሁለቱ ሰዎች አስተያየት አልገጠመም። ሳንድፎርድ ለአርበኞች መሪዎች መሣሪያና ገንዘብ ማደልን ሲመርጥ፣ ዊንጌት ደግሞ ወርቅ ሰውን ያበላሻል፤ ይልቅስ ሥርዓት ያለው ትንሽ ጦር ፊት ቀድሞ ሲዋጋ ቢታይ ሕዝቡ ይከተላል ባይ ነበር።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ወሰን ተሻግረው የኢትዮጵያን መሬት ረገጡ። ከዚያ እስከ በላያ ተራራ ድረስ ያለው በረሃ በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎችን ፈጀ። ዊንጌት ጦሩን የጌዴዎን ጦር ብሎ ሰየመው። መጽሐፈ መሳፍንትን የሚያውቅ አንባቢ የስሙን ምክንያት ለመረዳት አይቸገርም፤ ጌዴዎን ምድያማውያንን የመታው በሦስት መቶ ሰው ነውና። የዊንጌት ጦር ከዚያ ይበዛል፤ ግማሽ ያህሉ የሱዳን ወታደሮች፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ በኬንያ ከነበሩት ስደተኞቻችን የተመለመሉ ኢትዮጵያውያን ሆነው በጠቅላላው ከ2,000 የማይደርሱ ነበሩ። በፊታቸው በኮሎኔል ናታሌ ትእዛዝ ሥር ብዙ ሺህ የጠላት ወታደር መድፍና አውሮፕላን ይዞ ተሰልፏል።

ጠላት እንጅባራን ለቅቆ ወደ ቡሬ በተሰበሰበ ጊዜ ዊንጌት ተከተለው። ከየካቲት 20 ቀን ጀምሮ በቡሬ ዙሪያ ያሉትን ምሽጎች በሌሊት እየተጠጋ ይመታ፣ ሲነጋም ቦታውን ይለውጥ ነበር። ከፊሉ ጦሩ ቡሬን አልፎ ማንኩሳ ላይ ወረደና ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወስደውን መንገድ አሰጋ። በድምፅ ማጉያ በአማርኛ እየተነገረ ለጠላት ያደሩ የአገር ልጆች እንዲከዱ ይጠሩ ነበር፤ ጥሪውን የሰሙም ጥቂት አልነበሩም። ናታሌ የከበበው ጦር ከእርሱ ጦር የሚበልጥ መሰለው። የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቅቆ በማንኩሳና በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ደምበጫ አመራ።

ያ ጉዞ ግን ለእኛ ወገንም ያለ ደም አላለፈም። የካቲት 27 ቀን ማለዳ፣ ከደምበጫ አቅራቢያ ባለ ወንዝ ዳር፣ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር በሚያፈገፍገው የጠላት ሠራዊት መንገድ ላይ ሰፍሮ ተገኘ። ጥቂት መቶ ሰው በብዙ ሺህ ጦር ፊት ቆመ። ቦታው ለመከላከል የሚመች አልነበረም፤ ወታደሮቹ ግን ሳይሸሹ ተዋጉ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ወደቀ። ከኬንያ ስደት ተነሥተው አገራቸውን ለማየት ሲጓዙ እዚያ የቀሩት ሰዎች ስም ከዊንጌት ስም ጋር ሊነሣ ይገባዋል። ጠላት ጥሶ አለፈ፤ ደምበጫንም ብዙ ሳይቆይ ለቅቆ ደብረ ማርቆስ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት ቡሬ ደረሱ፤ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ ዊንጌት በነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ከሰልፉ ፊት ይጓዝ ነበር። ግንቦት 15 ቀንም አጊባር ላይ ከጎጃም የሸሸውን የጠላት ጦር እጁን አሰጠ።

እስካሁን የተነገረው የጦር ሜዳው ነገር ነው። ከጦር ሜዳው በስተጀርባ ደግሞ የለንደን፣ የካርቱምና የካይሮ ክርክር ነበረ። የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ኢደን ጥር 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በፓርላማ ቀርቦ መንግሥቱ የነጻ ኢትዮጵያን ዳግም መቋቋም እንደሚቀበልና የንጉሠ ነገሥቱንም የዙፋን መብት እንደሚያውቅ ገልጾ ነበር። በሥራ ላይ ግን ከጠላት የተያዘ ግዛት አስተዳደር በሚል ስም የእንግሊዝ ሹሞች አገሩን እንደ ምርኮ ሊይዙት ፈለጉ። ዊንጌት ይህን አጥብቆ ተቃወመ። የዘመቻው መሠረት የተሰጠው ቃል ነው፤ ቃሉ ከታጠፈ የተዋጋው ሕዝብ ተታለለ ማለት ነው የሚል እምነት ነበረው። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት የኢትዮጵያን ነጻነት አወቀ፤ ኦጋዴንንና ሌሎች ስፍራዎችን ግን በእንግሊዝ እጅ አቆየ። ከዚያ ቀንበር ለመላቀቅ በ1937 ዓ.ም. ሌላ ውል፣ ከዚያም በኋላ የብዙ ዓመት ድርድር አስፈልጓል።

ዊንጌት ያተረፈው ቅሬታ ነበር። ጦሩ ተበተነ፤ ከኮሎኔልነት ወደ ሻለቅነት ማዕርግ ተመለሰ። ስለ ጎጃም ዘመቻ በጻፈው ዘገባ አለቆቹን በብርቱ ስለ ወቀሰ ሁሉም ሸሸው። ወባ ይዞት፣ ለወባው የወሰደው መድኃኒትም አእምሮውን አናውጦት፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1941 በካይሮ ሆቴል ውስጥ አንገቱን በጩቤ ወጋ። በአጠገቡ ክፍል የነበረ መኮንን ደርሶ አተረፈው።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ እስያ ይዞራል። በጎጃም ዘመቻ ጊዜ የመካከለኛው ምሥራቅ ጠቅላይ አዛዥ የነበረው ጄኔራል ዌቭል በዚያው ዓመት ወደ ህንድ ተዛውሮ ነበር። ጃፓን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1941 ጦርነቱን ከጀመረች በኋላ ማላያና ሲንጋፖር ወደቁ፤ መጋቢት 8 ቀን 1942 ደግሞ የበርማ ዋና ከተማ ራንጉን ተያዘች። ዌቭል ከጎጃም የሚያውቀውን ሰው አስጠራ። ዊንጌትም ሰባ ሰባተኛውን የህንድ እግረኛ ብርጌድ ተረከበ፤ በውስጡ እንግሊዞች፣ የኔፓል ጉርካዎችና የበርማ ተኳሾች ነበሩ። ወታደሮቹ ቺንዲት ተባሉ፤ ስሙ የተወሰደው በበርማ የቤተ አምልኮ ደጃፍ ላይ ከሚቆመው የአንበሳ ምስል ነው። ከአንበሳ አርማ አገር የመጣው አዛዥ ይህንን አርማ መምረጡ በአጋጣሚ ይሁን በትዝታ እያንዳንዱ እንዳሰበው ይፍረድ።

ስልቱ የታወቀ ነው። ከቡሬ ዙሪያ ጋር የሚተያየው ያለ ችግር ነው፦ ከጠላት መሥመር በስተኋላ ገብቶ መገናኛውን መቁረጥ፣ በሌሊት መምታት፣ ቁጥርን አብዝቶ ማሳየት፣ በበቅሎ መጓዝ። የተጨመረው ነገር ስንቅና ጥይት ከአውሮፕላን በጃንጥላ መጣሉና የሬዲዮ መገናኛው ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1943 ወደ 3,000 የሚሆኑ ሰዎች ቺንድዊን ወንዝን ተሻግረው ገቡ። የባቡር ሐዲዱን በብዙ ቦታ ቆረጡ፤ ጃፓኖች ግን ብዙ ሳይቆዩ ጠገኑት። ኢራዋዲን ከተሻገሩ በኋላ ስንቅ አጠረ፤ በየጥቂቱ ተበታትነው እንዲመለሱ ታዘዙ። የተመለሱት 2,182 ናቸው፤ 818 ሰዎች ሞቱ፣ ተማረኩ ወይም ጠፉ። ከተመለሱትም ብዙዎቹ ዳግም ለውጊያ አልበቁም። መራመድ ያልቻለውን ቁስለኛ በየመንደሩ ጥሎ መሄድ ግዴታ ነበር።

ለምን እንደ ጎጃም አልሆነም? የጃፓን ወታደር ከጣሊያን ወታደር ይለያል፤ ደኑም ከደጋው ይለያል፤ ይህ እውነት ነው። ዋናው ልዩነት ግን በምድሩና በጠላቱ አይመስለኝም። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ገበሬ የጌዴዎንን ጦር የመገበው፣ የመራውና የደበቀው ጦሩ የእርሱን ንጉሥና የእርሱን ባንዲራ ይዞ ስለ መጣ ነው። እንግሊዞች ለበርማ ሕዝብ እንዲህ ያለ ነገር አልያዙም ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1941 ሩዝቬልትና ቸርችል ባወጡት የአትላንቲክ ቻርተር ሕዝቦች ሁሉ የሚተዳደሩበትን መንግሥት የመምረጥ መብት እንዳላቸው ተገልጾ ነበር። ቸርችል በሚቀጥለው ወር ለፓርላማው ሲያስረዳ ቃሉ በመጀመሪያ የሚመለከተው በናዚ ቀንበር ሥር ያሉትን የአውሮፓ አገሮች መሆኑን አስታወቀ። የበርማ ጠቅላይ ሚኒስትር ኡ ሶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለንደን ድረስ ሄዶ ለአገሩ የራስ አስተዳደር ቃል እንዲሰጠው ጠየቀ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። በመንገዱም ላይ ከጃፓኖች ጋር ተገናኝቷል ተብሎ ተያዘና በኡጋንዳ ታሰረ።

ወጣቱ አውንግ ሳን ከጓደኞቹ ጋር በጃፓኖች ሠልጥኖ የበርማ ነጻነት ሠራዊትን ይዞ ከወራሪው ጋር አገሩ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1943 ለበርማ በስም ብቻ የሆነ ነጻነት ሰጠች። በስም ብቻም ቢሆን እንግሊዝ ለመስጠት ያልደፈረችውን ነበር የሰጠችው። ለቺንዲቶች ከልብ የረዱት በተለይ በሰሜን ተራራ ያሉት ካቺኖች ናቸው፤ የሜዳው ሕዝብ ግን ሁለቱንም ባዕዳን በዝምታ ይመለከት ነበር። አውንግ ሳንም ጃፓኖች ያታለሉት መሆኑን ሲያይ እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1945 በእነሱ ላይ ተነሣ። በላይ ዘለቀና ነጋሽ በዛብህ የነበሩበትን ቦታ በበርማ የያዘው እሱ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሆኖም በዊንጌት ዘመን የቆመው በተቃራኒው ወገን ነው። ዊንጌት በዚህ ጉዳይ ላይ ሥልጣን አልነበረውም። ለጎጃም ዘመቻ የፖለቲካ መሠረት የሆነው ቃል በለንደን ተሰጥቶ ነበር፤ ለበርማው ዘመቻ ግን አልተሰጠም።

ሌላው ነገር የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ ይበቃል። የመጀመሪያው ዘመቻ ያስገኘው ጥቅም አከራካሪ ቢሆንም ሽንፈት ብቻ ሲሰማ ለከረመው የእንግሊዝ ሕዝብ ደስታ ሰጠ። ቸርችል ዊንጌትን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1943 ወደ ኩቤክ ጉባኤ ይዞት ሄደ፤ አሜሪካኖችም አውሮፕላን ሰጡት። መጋቢት 5 ቀን 1944 ሌሊት ሞተር አልባ አውሮፕላኖች ወታደር ጭነው በበርማ ደን መካከል ወረዱ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ 9,000 ያህል ሰው ከጠላት በስተኋላ ገባ። በዚያው ሰሞን የጃፓኑ ጄኔራል ሙታጉቺ ወደ ህንድ ወሰን ኢምፋልና ኮሂማ ዘመተ። ሙታጉቺ እነዚያ ተራሮች በጦር ሊታለፉ እንደሚችሉ የተማረው ከዊንጌት የመጀመሪያ ዘመቻ ነው። ዘመቻው በጃፓን የየብስ ጦር ላይ ከደረሱት ታላላቅ ሽንፈቶች በአንዱ ተፈጸመ። ስለዚህ ዊንጌት በጃፓን ላይ ያደረሰው ትልቁ ጉዳት ያላሰበው ጉዳት ሳይሆን አይቀርም።

መጨረሻውን ግን አላየም። መጋቢት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. ማለትም እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1944፣ ከኢምፋል አቅራቢያ የተሳፈረበት አውሮፕላን በማኒፑር ተራሮች ላይ ወድቆ በ41 ዓመቱ ሞተ። ማዕርጉ ሜጀር ጄኔራል ነበር። አንድ ልጁ የተወለደው ከሞቱ በኋላ ነው። በጎጃም ዘመቻ ጊዜ የስብከቱን ሥራ ይመራ የነበረው፣ ባንዲራችን የተባለውንም የአማርኛ ጋዜጣ ያዘጋጀው ጋዜጠኛ ጆርጅ ስቲርም በበርማው ግንባር በዚያው ሥራ ተሰማርቶ ሳለ በዚያው ዓመት በልደት ቀን በህንድ አገር በመኪና አደጋ ሞተ። ከጎጃም ወደ እስያ የተሻገሩት ሰዎች ከዚህም ይበዛሉ፤ የእነዚህ የሁለቱ ግን በየማኅደሩ ተጽፎ ይገኛል።

በአገራችን ስሙ ጠፍቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1946 በአዲስ አበባ የተከፈተው ትምህርት ቤት በስሙ ተጠራ፤ ሰፈሩም እስከ ዛሬ ዊንጌት ይባላል፤ ከባልደረቦቻችን መካከል እዚያ የተማሩ አሉ። በአገሩ በእንግሊዝ ግን ይፋው የጦርነት ታሪክ ጸሐፊዎች ስሙን አሳንሰውታል፤ አብረውት የዘመቱት ደግሞ እስከ ዕለተ ሞታቸው ተከራክረውለታል። በርማ እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1948 ነጻነቷን አግኝታ ወደ እንግሊዝ የጋራ ብልጽግና ማኅበር ሳትገባ ቀረች።

የዊንጌት አጽም በመጀመሪያ የተቀበረው አውሮፕላኑ በወደቀበት አገር ነው። የአብራሪዎቹ የአሜሪካውያን አጽም ከእርሱና ከሌሎቹ እንግሊዞች አጽም ሊለይ ስላልቻለ እ.ኤ.አ. በ1950 ሁሉም በአንድነት ወደ አሜሪካ ተወስደው በአርሊንግተን መቃብር በአንድ የጋራ ጉድጓድ አረፉ።